መከላከያውን ነው ወይስ አለመውለዱን?

ሰርግ ላይ ሽማግሌ ሲመርቁ «ውለዱ፣ ክበዱ፤ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ይላሉ። ሙሽሮቹም ጉልበት ስመው «አሜን» ይላሉ። ከምርቃቱ ጥቂት ወራት በኋላ ያቺው ሙሽራ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዛ የሦስት ወር መርፌ ትጠይቃለች። ነርሷ ደም ግፊቷን ለክታ፣ የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ጠይቃ፣ ካርዱን ሞልታ ስትጨርስ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ግን ኃጢአት አይሆንብኝም?»

የተለመደው መልስ «እሱን የነፍስ አባትሽን ጠይቂ» ነው። የነፍስ አባት ጋ ስትሄድ ደግሞ «ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው» የሚል ቃል ትሰማለች። መርፌው ሰውነቷ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን እሳቸውም አያውቁት፣ እሷም ማስረዳት አትችል። ከዚያ በኋላ ወይ መርፌውን ትተዋለች፣ ወይ ለማንም ሳትናገር ትወጋለች። የመጀመሪያው በሰውነቷ፣ ሁለተኛው በኅሊናዋ ዋጋ ያስከፍላታል።

«መከላከያ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚለው በውስጡ ሦስት ጥያቄ የተጠቀለለበት ነው። ባልና ሚስት መውለድን ማዘግየት ወይም ማራራቅ ይችላሉ ወይ? የሚጠቀሙበት መንገድ የተፀነሰ ነፍስ ያጠፋል ወይ? ጭራሽ ላለመውለድ መወሰንስ ይፈቀዳል ወይ? ሃይማኖቶቻችን ለሦስቱ የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ስብከት ላይ ግን ሦስቱ በአንድ ገመድ ታስረው ይቀርባሉ። ሕፃኗን ጡት እያጠባች ሁለት ዓመት ለማራራቅ የፈለገችው እናት፣ ፅንስ ካስወረደችው ጋርና መውለድን ጨርሶ ከማትፈልገው ጋር በአንድ ትንፋሽ ትወገዛለች። ይህ አግባብ አይደለም፤ ከሃይማኖቱ ትምህርት ጋርም አይስማማም።

ከማራራቁ ልጀምር። የሚጠቀሱት ጥቅሶች የታወቁ ናቸው፤ በተለይ የአውናን ታሪክ፣ ዘፍጥረት 38። ታሪኩን ቀስ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል። ዔር ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ወንድሙ አውናን ትዕማርን አግብቶ ለሟቹ ዘር ማቆም ነበረበት። እሱ ግን የሚወለደው ልጅ የእሱ ተብሎ እንደማይጠራ ስላወቀ ዘሩን በምድር አፈሰሰ፤ ተቀሠፈም። አንዳንድ መምህራን የተቀሠፈው በማፍሰሱ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የሟች ወንድሙን መብት ስላጠፋ፣ ያውም ትዕማርን እየተጠቀመባት ስለሆነ ነው ይላሉ። መጽሐፉ ራሱ ያደረገው «ለወንድሙ ዘር እንዳይሰጥ» እንደሆነ ስለሚናገር ሁለተኛው ንባብ ያሳምነኛል። ልጆቿን ለማሳደግ ፋታ የፈለገች እናት ከአውናን ጋር የሚያመሳስላት ነገር አይታየኝም።

«ብዙ፥ ተባዙ፥ ምድርንም ሙሉአት» የሚለውም እንዲሁ ዙሪያውን ማየት ይፈልጋል። ከቃሉ በፊት ያለው «እግዚአብሔርም ባረካቸው» ነው፤ ስድስት ቁጥር ቀደም ብሎም ለባሕር ፍጥረታትና ለወፎች ይኸው በረከት ተሰጥቷል። በረከት ነው ወይስ ትእዛዝ? የአይሁድ ረቢዎች ትእዛዝ ነው ብለው አነበቡት፤ ግን ልኩን ወሰኑለት። የረቢዎቹ የጥንት ሕግ በተሰበሰበበት በሚሽና እንደተጻፈው ግዴታው ያለበት ወንዱ ነው፤ የረቢ ሒሌል ተከታዮች በያዙት አስተያየት ደግሞ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ የወለደ ትእዛዙን ፈጽሟል። እዚያው ላይ ሴቷም ግዴታ አለባት የሚል ተቃዋሚ ድምፅ ተመዝግቧል፤ ሕግ ሆኖ የጸናው ግን የፊተኛው ነው። እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ከረቢ ጋር ስለ መከላከያ ሲነጋገሩ የሚያጋጥማቸው ሕግ ይህ ነው፤ እዚህ አገር ከለመዱት አነጋገር የተለየ መሆኑ ብዙዎችን ያስገርማል።

በእስልምና ጥያቄው ከጥንት ጀምሮ በስሙ ተጠርቶ ተመርምሯል፤ ዐዝል ይባላል፣ ዘርን ከውጭ ማፍሰስ ማለት ነው። ጃቢር እንደዘገቡት ቁርኣን በሚወርድበት ዘመን ሶሐቦች፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ ዐዝል ያደርጉ ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው አልከለከሏቸውም። በሌላ በኩል ጁዳማ ቢንት ወህብ ባስተላለፉት ሐዲስ ዐዝል «ድብቁ መቅበር»፣ ሕፃንን ከነነፍሱ እንደ መቅበር ያለ፣ ተብሏል። ዑለማዎች ሁለቱን ሲያስታርቁ አብዛኞቹ ደረሱበት የሚባለው የሚጠላ እንጂ ሐራም ያልሆነ ነው የሚል ነው፤ ብዙዎቹም የሚስትን ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ አድርገዋል፤ ልጅ ማግኘትም ሆነ የግንኙነቱ ሙላት የእሷም መብት ነውና። ኢማም አል-ገዛሊ ለዐዝል ተቀባይነት ካላቸው ምክንያቶች መካከል የሚስትን ሕይወት ከወሊድ አደጋ መጠበቅን ቆጥረዋል። በ1937 (እ.ኤ.አ.) የግብፅ ሙፍቲ የሰጡት ፈትዋ፣ በ1959 ደግሞ የአል-አዝሃሩ ሼኽ መሕሙድ ሸልቱት የሰጡት፣ በዚህ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። «ድህነትን ፈርታችሁ ልጆቻችሁን አትግደሉ» የሚለው የሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ የሚናገረው ስለተወለደ ልጅ ነው። ሱረቱል በቀራ 233 ደግሞ ማጥባትን ለሚያሟላ ሰው ሁለት ሙሉ ዓመት ይላል፤ ይህ ራሱ የማራራቅ መለኪያ ነው ብለው የሚያስተምሩ ኡስታዞች አሉ።

ካቶሊኮች በአገራችን ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ክርክሩን ወደ መንገዱ ያዞሩት እነሱ ናቸው። በ1930 ነሐሴ ላይ የአንግሊካን ጳጳሳት ሎንዶን ላምቤዝ ተሰብስበው በ193 ድምፅ ለ67 መከላከያን በጋብቻ ውስጥ፣ በተወሰነ ሁኔታ ፈቀዱ። ሮም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 31 በክልከላ መለሰች፤ ሐምሌ 25 ቀን 1968 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ክልከላውን አጸኑት፣ ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመው ኮሚሽን አብዛኛው አባል ይለወጥ ቢልም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ማራራቁ ራሱ አልተከለከለም። የማይፀነስባቸውን ቀናት መርጦ መገናኘት ይፈቀዳል፤ ቀደም ብለው በመንበሩ የነበሩት ፒዮስ 12ኛ በ1951 ለአዋላጆች ባደረጉት ንግግር ከባድ ምክንያት ካለ ለጋብቻው ዘመን ሁሉ ሊሆን እንደሚችል ተናግረዋል። ለበሽታ ተብሎ የሚወሰድ እንክብልም፣ መፀነስን ቢከለክል እንኳ፣ በ1968ቱ ጽሑፍ ተፈቅዷል። ብዙ ደም እየፈሰሳት እንክብል የታዘዘላት ካቶሊካዊት ሴት ኪኒኑን በፍርሃት ልትጥለው አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ያጠፋል ወይስ ይከላከላል የሚለው፣ ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ለፕሮቴስታንቱም ዋናው ነው። እዚህ ላይ የሃይማኖት መምህሩ የጤና ባለሙያውን ይፈልጋል፤ ባለሙያውም «አይዞሽ ምንም አይልሽም» ብሎ ማለፉ በቂ አይደለም። መርፌው 150 ሚሊግራም የፕሮጀስትሮን ዓይነት ሆርሞን ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይለቃል፣ አንጎል እንቁላል እንዲወጣ የሚያዘውን ምልክት ያፍናል። እንቁላል ካልወጣ የሚፀነስ የለም። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ባለ አንዱ ዘንግ፣ ኢምፕላኖን፣ እንዲሁ እንቁላልን ያቆማል፤ ለሦስት ዓመት። ባለ ሁለት ዘንጉ ጃዴል ለአምስት ዓመት ነው፤ እንቁላል መውጣትን በሁሉም ወር አያቆምም፣ ዋና ሥራው የማህፀን በር ፈሳሽን አወፍሮ የወንዱ ዘር እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ላይ ያለው መዳብ የወንዱን ዘር እንቁላሉ ጋ ሳይደርስ ያዳክመዋል። ሉፕ ላይ ግን እውነቱን ሙሉ መናገር ይገባል። ከግንኙነት በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ እንደ ድንገተኛ መከላከያ ሲገባ፣ የተፀነሰው ማህፀን ላይ እንዳይቀመጥ ሊያደርግ ይችላል። ነፍስ ከፅንሰት ቀን ይጀምራል ብላ ለምታምን ሴት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሳይነገራት ማስገባት እምነቷን መናቅ ነው።

በተለምዶ ፖስትፒል የሚባለው የድንገተኛ ጊዜ ክኒን ብዙ የሚታማ ነው። 1.5 ሚሊግራም ሌቮኖርጀስትሬል ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። የሚሠራው የእንቁላሉን መውጣት በማዘግየት ነው። እንቁላሉ ቀድሞ ከወጣ አይረዳም፤ የተቀመጠ ፅንስም አያወርድም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2022 የመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ ፅንስ እንዳይቀመጥ ያደርጋል የሚለውን አሳብ አስወጥቶታል። «አስወራጅ ነው» የሚለው ወሬ ግን ከአሮጌው ወረቀት ጋር አብሮ አልጠፋም።

አሁን ብዙም ወደማይወራበት፣ በእኔ እምነት ግን ሴቶችን ከመከላከያ ከሚያስወጡ ነገሮች መካከል ትልቁን ቦታ ወደያዘው እገባለሁ፤ ደም። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ካገቡ ሴቶች 36 በመቶው መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ በ2000 ስምንት በመቶ ነበር። ከመቶ ያገቡ ሴቶች 23ቱ መርፌ፣ 8ቱ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ነበር የሚጠቀሙት። ሁለቱም የወር አበባን ያዛባሉ። መርፌው በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም ያመጣል፤ ዓመት ሲሞላ ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ጭራሽ አያዩም። የተቀበረው ደግሞ ያለ ቀኑ፣ አንዳንዴ ለሳምንታት፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ሊመጣ ይችላል። ለሐኪሙ ይህ «ቀላል የጎንዮሽ ጉዳት» ነው። ለኦርቶዶክሳዊት ሴት ግን ደም ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም፣ ጸበል አትጠመቅም። የጾም ፍልሰታ ሱባኤ ገብቶ ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አጣፍተው በሌሊት ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ እሷ ከቤቷ ትቀራለች፣ ወይም ከቅጽሩ ውጭ ግንብ ተደግፋ ትቆማለች። የሚያያት ሰው ደግሞ የወሩን ቀን ይቆጥራል። እንዲህ ያለችው ሴት ዘንጉን አስወጪልኝ ብላ ስትመጣ ካርዱ ላይ «በሃይማኖት ምክንያት አቋረጠች» ተብሎ ቢጻፍ፣ የከለከላት ትምህርት ግን አልነበረም። ያስወጣት መድማቱ ነው፤ መድማቱ ደግሞ ሊታከም ይችላል።

ሕክምናው ቀላል ነው። ሌላ የደም መፍሰስ ምክንያት አለመኖሩ ከታየ በኋላ፣ አይቡፕሮፌን 800 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ለአምስት ቀን ይሰጣል፤ የጨጓራ ቁስለት ላለባት ግን አይሆንም። ካልቆመና ኢስትሮጅን መውሰድ የሚከለክላት ነገር ከሌለ፣ ኢስትሮጅን ያለበት ጥምር እንክብል በቀን አንድ ለ21 ቀን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመርፌው በፊት ሊነገራት ይገባል፤ «ደም ይዛባል» ብሎ ማለፍ ሳይሆን «ቅዳሴና ቁርባን ላይ ችግር ሊሆንብሽ ይችላል፣ መዳብ ያለበት ሉፕ የወር አበባን በቀኑ ያቆየዋል፣ መብዛቱና ሕመሙ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊጨምር ይችላል» ብሎ። ጥምር እንክብልም ዑደቱን ያስተካክላል። የጾም ሰዓቷን የምታከብር ሴት እንክብሉን ለመዋጥ ከጾም መፍቻ በኋላ ያለውን ሰዓት መርጣ ከነፍስ አባቷ ጋር ብትነጋገርበት፣ ጥምሩ እንክብል የጥቂት ሰዓት መዘግየት አይጎዳውም። የአጥቢ እናቶች እንክብል ግን ከሦስት ሰዓት በላይ አይታገስም።

ሙስሊሟ ሴት ጋ ሕጉ በዝርዝር ተቀምጧል፤ ችግሩ አለመነገሩ ነው። የሐይድ፣ ማለትም የወር አበባ፣ ደም ሶላትና ጾም ይከለክላል፤ የኢስቲሓዳ፣ ከወር አበባ ውጭ የሚፈስ፣ ደም ግን አይከለክልም። በሻፊዒይ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) የሐይድ ትልቁ ገደብ 15 ቀን ነው፣ በሐነፊይ 10። ከዚያ ያለፈው ኢስቲሓዳ ነው፤ ታጥባ፣ ጨርቅ ይዛ፣ ለእያንዳንዱ ወቅት ሶላት ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች። በመርፌው ምክንያት አርባ ቀን ሳትሰግድ የከረመች ሴት ይህን ከአንዲት ኡስታዛ ብትሰማ ኖሮ ቀኑ ሁሉ አይባክንባትም ነበር።

ከመዛባቱ ሌላ መቅረቱም የራሱ ጣጣ አለው። «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» የሚል ፍርሃት በየቤቱ አለ። የሚጠራቀም ነገር የለም፤ ሆርሞኑ የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ እንዳይወፍር ያደርጋል፣ ካልወፈረ የሚፈርስ የለም። ከዚህ የሚብሰው ግን መርፌውን ካቆመች በኋላ የሚመጣው ነው። የመጨረሻው መርፌ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ እስከ መፀነስ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ይወስዳል፤ ለአንዳንዷ ከዚያም ይረዝማል። ጡንቻ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ተሟጦ እስኪያልቅ ነው። አንዲት ሴት ሁለት ዓመት ተወግታ፣ አሁን ይበቃል ብላ ትታ፣ ስድስት ወር፣ ስምንት ወር ሳትፀንስ ስትቀር አማቷ ምን ትላለች? «እግዜር ሲሰጥ እምቢ ብላ፣ አሁን እሷ ስትለምን እሱ እምቢ አላት።» ሴትየዋም ታምነዋለች፤ ንስሐ ትገባለች፣ ሱባኤ ትይዛለች፣ ሌሎች ሴቶችንም «ተዉ፣ እኔን ያየ ይቀጣ» ትላለች። መርፌው መካን አያደርግም። ስለዚህ በቅርቡ መውለድ የምትፈልግ ሴት መርፌ ባትመርጥ ይሻላል፤ ዘንጉ ሲወጣ መፀነስ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ይኸው ፍጥነት ግን ወዲያ ማዶ ይጎዳል። በስብከት ልቧ ተነክቶ ሰኞ ያስወጣች፣ ሌላ ነገር ያላሰበች ሴት በሚቀጥለው ወር ልትፀንስ ትችላለች። ኅሊናዋ ካስገደዳት ማስወጣት መብቷ ነው፤ የትኛውም ባለሙያ «ጊዜው አልደረሰም» ሊላት አይገባም፤ ግን ከመውጣቷ በፊት በምን እንደምትተካው ይነገራት።

መድኃኒት አንወስድም ለሚሉ ባልና ሚስት የቀን ቆጠራው አለ፤ እዚህም ስህተቱ የተለመደ ነው። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ አጽዋማት፣ የበዓላት ዋዜማ እየተከለከሉ መኖር ማራራቂያ የሚመስላቸው አሉ። እንቁላል የጾም ካሌንደር አይጠብቅም። የምትፀነሰው በዑደቱ ውስጥ ባሉ ስድስት ቀናት ገደማ ነው፤ የወንዱ ዘር እስከ አምስት ቀን ይቆያል፣ እንቁላሉ ከወጣ አንድ ቀን አይሞላም። የቀን ቆጠራው ሕግ ይህ ነው፦ ዑደቷ ከ26 እስከ 32 ቀን የሆነች ሴት፣ ደም ያየችበትን ቀን አንድ ብላ፣ ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን ትታቀባለች። ደሙ መስከረም 1 ቢመጣ ከመስከረም 8 እስከ 19 ማለት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ዑደቷ ከዚያ ገደብ ከወጣ ዘዴው አይሆናትም። በትክክል ቢጠበቅ በዓመት ከመቶ ሴት አምስቷ፣ እንደነገሩ ሲጠበቅ አሥራ ሁለቷ ትፀንሳለች። ጠጪ ባል ወይም «እምቢ» መባል የማይወድ ባል ያላት ሴት ይህን ዘዴ ብትይዝ የምትታቀበው እሷ ብቻ ትሆናለች። ጳውሎስ በቆሮንቶስ መልእክቱ መከልከሉ «በመስማማት» ይሁን ያለው ለዚህም ይሠራል። ጡት ማጥባትም ይከላከላል፤ ግን ሦስቱ ነገር አብሮ ሲኖር ብቻ፦ ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት ሌላ ካልቀመሰ፣ የወር አበባም ካልተመለሰ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ጥበቃው አለቀ። የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ወር ውሃና አብሽ በማስጀመር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ይቀራል። ጭራሽ አለመውለድ።

እዚህ ላይ መልሱ ይጠነክራል፤ ልሸፋፍነውም አልፈልግም። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ2000 ባወጣችው የማኅበራዊ ትምህርት ሰነድ ፅንስ የማያስወርዱ መከላከያዎች ከውርጃ ጋር እንደማይቆጠሩ ከተናገረች በኋላ፣ በራስ ወዳድነት መውለድን እምቢ ማለት ግን ያለ ጥርጥር ኃጢአት ነው ትላለች። በካቶሊክ ቀኖና መካንነት ጋብቻን አያፈርስም፤ ሲጋባ ልጅን አስቀድሞ በፈቃዱ ያወጣ ሰው ግን ጋብቻው ገና ከመነሻው የጸና አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም ላለመውለድ መምረጥን ራስ ወዳድነት ብለውታል። በእስልምናም ያለ አስገዳጅ ምክንያት ለዘለቄታው ማምከን አብዛኞቹ ዑለማዎች የሚከለክሉት ነው። በእኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ የማይወልድ ሕይወት ስም አለው፤ ምንኩስና ነው። ቤት አቁሞ፣ ተጋብቶ፣ አልወልድም ለሚል ግን ስም የለውም።

ሆኖም ከሊቃውንቱ ውስጥ ሌላም ድምፅ አለ። ዮሐንስ አፈወርቅ የሚያመክን መድኃኒትን በሮሜ መልእክት ትርጓሜው አጥብቆ ነቅፏል። ይኸው አባት ስለ ድንግልና በጻፈው ላይ ግን ጋብቻ ለሁለት ነገር እንደተሰጠ፣ ምድር ከሞላች ወዲህ የቀረው ዋናው ምክንያት ንጽሕናን መጠበቅ እንደሆነ ያስተምራል። ልጅ ከጋብቻ ዓላማዎች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም ለማለት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። የራስ ወዳድነት ክስም በደፈናው የሚሠራ አይመስለኝም። ከባድ የልብ ሕመም ያለባት፣ የወላጆቿን አልጋ የምታነሣ፣ የሟች እኅቷን ልጆች የምታሳድግ፣ ወይም እናት የመሆን ጥሪ በውስጧ ያላገኘች ሴት ሁሉ በአንድ ቃል አትጠራም።

ከክርክሩ ይልቅ ጫናው ያለው ሠፈር ውስጥ ነው። «ጧሪ ቀባሪ የላትም» የሚለው ቃል ከየትኛውም ቀኖና በላይ ያስፈራል፤ ጡረታ የሌለበት እርጅና እውነተኛ ፍርሃት ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደው 1.9 ልጅ መሆኑን አሳይቷል፤ በ2016ም 1.8 ነበር። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች የሞሉባት ከተማ ናት። ምክንያቱን ያጠኑት የዘገየ ጋብቻን፣ ሥራ ማጣትንና የቤት ችግርን ያነሣሉ። ሰዉ ሳይናገር ወስኗል። ስሙን የጠራ ብቻ ነው የሚወገዘው።

ሳይናገሩ መወሰን ጉዳት የሚያመጣው ጋብቻ ውስጥ ሲሆን ነው። አልወልድም ያለች ሴት፣ ወይም ባሏ፣ ይህን ለቤተሰብ ሳይሆን ለእጮኛ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ተክሊል ከመደረጉ በፊት መናገር አለባቸው። «እስቲ እናያለን» የሚል መልስ መስማማት አይደለም፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ ይፈነዳል። ካልተነገረ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፦ አማት ምራቷን ጸበል ትወስዳለች፣ ሰባት ቀን ታስጠምቃታለች፣ ስለት ትሳላለች፤ ሴትየዋ ማታ እንክብሏን በጨርቅ ጠቅልላ ከብርድ ልብስ ሥር ታወጣለች። በሐሰት የሚጠመቁት ጸበል ለማንም አይበጅም። ክንድ ላይ ያለው ዘንግ ደግሞ አራት ሴንቲሜትር ነው፤ እጅ ሲዳስሰው ይገኛል።

ለተስማሙ ባልና ሚስት የሚሻለው መጀመሪያ ረጅም ጊዜ የሚቆየው ነው። የመዳብ ሉፑ ቲ 380 ኤ እስከ 12 ዓመት ይሠራል፤ በ28 ዓመቷ ያስገባች እስከ 40 ያደርሳታል፣ አሳብዋን ብትቀይርም የሚከለክላት የለም። ማህፀን ማስቋጠር የማይመለስ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል፤ በወጣትነት ያስቋጠሩት ይበልጥ ይጸጸታሉ። የወንዱ ቀላል ነው፤ በማደንዘዣ መርፌ፣ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ፣ ሳይተኛ ያልቃል። ወዲያው ግን አይሠራም። ሦስት ወር ሌላ መከላከያ ይዞ ቆይቶ፣ ዘሩ ተመርምሮ ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ሦስት ወሩን ያልጠበቀ ባል ሚስቱ ስትፀንስ ሐሜት ይዞ ይነሣል፤ በደሉ የእሱ ሆኖ ሳለ።

ወንዶች ይህን ሲሰሙ ዘዳግም 23 ላይ ያለውን ያነሣሉ፤ ብልቱ የተቆረጠ ወደ ጉባኤ አይግባ የሚለውን። ቀዶ ሕክምናው ብልት አይነካም፣ ወንድነትም አይቀንስም፤ ዘር የሚያልፍባቸው ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው የሚቋጠሩት። ጥቅሱን ላነሣ ሰው ግን ኢሳይያስ 56ንም አብሮ ማንሣት ተገቢ ነው፤ «ጃንደረባውም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል» ይላል፣ ሰንበትን ለሚጠብቁ ጃንደረቦችም ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም በቤቱ እንደሚሰጣቸው ተስፋ ያደርጋል። የህንደኬ ጃንደረባ ጋዛ መንገድ ላይ በሠረገላው ሆኖ ፊልጶስ ሲደርስበት ያነብ የነበረው ይህንኑ ነቢይ ነው፤ ምዕራፍ 53 ላይ ነበር። ጃንደረባነቱ ምርጫው ስላልነበረ ለአልወልድም ባይ ማስረጃ ላደርገው አልችልም። ግን ክርስትናን ወደዚህ አገር አመጣ ብለን የምናከብረው ሰው ልጅ አልነበረውም፤ ማንም ሰባኪም በዚህ አንድ ቀን ወቅሶት አያውቅም።

ወደ ነፍስ አባት የሚሄዱ ባልና ሚስት እንግዲህ «መከላከያ ይፈቀዳል ወይ?» ብለው አይጀምሩ። አብረው ይሂዱ። የመድኃኒቱን ስም፣ እንቁላል የሚያቆም ይሁን ዘር የሚያግድ፣ ለስንት ጊዜ እንዳሰቡ፣ ምክንያታቸው ጤና ይሁን ማራራቅ ወይም አለመውለድ፣ ሁለቱም መስማማታቸውን ይንገሩ። ካህኑ እምቢ ካሉ ከሦስቱ በየትኛው እንደሆነ ይጠየቁ፦ በማዘግየቱ፣ በመንገዱ፣ ወይስ በአለመውለዱ? በመንገዱ ከሆነ መንገድ ይቀየራል፣ ለዚያ ጤና ጣቢያው አለ። በማዘግየቱ ከሆነ የእናቲቱን ጤና የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ይዞ መመለስ ይቻላል። በአለመውለዱ ከሆነ ንግግሩ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ቀጠሮ ይያዝለት።